ባሻ ፊኛ

ጎባን ያቀናው ነፍጥ ነው ሲባል በሰማሁ ቁጥር ሳቄ ይመጣል። ነፍጥስ ነበረ፤ አልነበረም አልልም። እኔ ግን በልጅነቴ እየሰማሁት ያደግሁት ተኩስ ከቀርቀሃ የሚወጣ ነበር፤ ጥይቱ የተኘከ ልጥ፣ ዒላማውም ዱባ። ስሜ ሠርከአዲስ ነው። አባቴ ተሰማ ከመንዝ ከጦሩ ጋር መጥቶ እዚህ ደጋ ላይ የቀረ ወታደር ነበር። እናቴ ወለተኢየሱስ እሱን ተከትላ ስትመጣ ስለ ብርዱ አንድም ሰው አልነገራትም፤ ስለዚህ እስክትሞት ድረስ አባቴን በብርዱ መውቀስ አልተወችም።

በዚያን ዘመን ጎባ ከተማ አትባልም። ከላይ የሹሙ ግቢ፣ ከግቢው ዝቅ ብሎ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ከዚያ በታች ደግሞ እዚህም እዚያም የወታደሩ ጎጆ ነው። ክረምት ሲገባ ጉሙ ከተራራው ይወርድና ጎረቤት ከጎረቤት አይተያይም። ጦርነቱ አልቋል፤ የሚያርሱት ገባሮቹ ናቸው፤ ማሩን የሚያመጡት፣ አጥሩን የሚያጥሩት እነሱ ናቸው። ታዲያ ወታደሩ ምን ይሥራ? ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል እንዲሉ፣ የኛ ሰፈር ወንዶች ቀርቀሃ ያዙ።

ጥይት እየተኮሱ መጫወት አይታሰብም። ያኔ ጥይት ገበያ ይወጣ ነበር፤ ጨው ይለውጣል፣ በርበሬ ይለውጣል። ለጨዋታ የተኮሰ ባል ከሚስቱ እጅ ወጥ አይቀምስም። የቀርቀሃው ጠመንጃ ግን ከነፋስ በቀር የሚበላው የለም። ከሃረና ጫካ የመጣ ቀርቀሃ ክንድ የሚያህል ይቆረጥና አንጓው በጋለ ብረት ይበሳል። የወይራ ዘንግ ልክክ ብሎ እስኪገባበት ድረስ ይፋቃል። ከዚያ ልጥ ይታኘካል፤ አንዱ ውታፍ አፉን ይደፍናል፣ ሌላው ከኋላ ይገባል። የኋለኛውን በዘንጉ ሲገፉት መሀል ላይ የታፈነው ነፋስ መውጫ ያጣና የፊተኛውን ውታፍ ወርውሮት ይወጣል። ጧ ይላል። ነገሩ ይኸው ነው።

የልጅ ጨዋታ ነው የሚል ካለ እነ ኃይለመስቀልን አላያቸውም። ኃይለመስቀል የአባቴ ባልንጀራ ነው፤ ሆዱ የሰፋ፣ ጢሙም ከሆዱ የማያንስ ሰው። ቀርቀሃውን ከሚስቱ ይበልጥ ይጠብቀው ነበር፤ ሲተኛ ከራሱ በላይ ይሰቅለዋል፣ ሲነቃ ይስመዋል። በፍልሰታ ጾም ልጥ እያኘከ ቢያገኙት የንስሐ አባቱ ቄስ ገብረወልድ ተቆጥተው ሰግደህ ካስ አሉት። ብዙም ሳይቆይ ቄስ ገብረወልድ ራሳቸው ከጋቢያቸው ሥር አጭር ቀርቀሃ አውጥተው ዱባውን እንብርቱ ላይ አሉት። ከዚያ በኋላ ስለ ልጥ የተነሣ ስብከት አልሰማሁም።

ቀርቀሃውን ከሃረና በፈረሱ ጭኖ የሚያመጣላቸው ኦቦ ገመዳ ነበር። ኦቦ ገመዳ ለአባቴ የተመራ ገባር ነው፤ ቤቱ ከወንዙ ማዶ ነበር። እኔን «ኢንተላ ኮ» ይለኛል፤ ልጄ ማለቱ ነው። ቀርቀሃውን አውርዶ በዱላው ተደግፎ ይቆማል፤ አገሩን የያዙት ሰዎች ጉንጫቸውን በልጥ ሞልተው ዱባ ሲወጉ ያያል፤ አይስቅም። እንዳልሳቀ እኔ ምስክር ነኝ። በኋላ ሳውቀው፣ ወንዙን እስኪሻገር ይይዘውና ቤቱ ሲደርስ መሬት ላይ እየተንከባለለ ይስቅ ነበር አሉ።

ይህ ሰው አንድ ልማድ ነበረው። ግቢያችን ሲገባ ከሰላምታው ሁሉ በፊት ወደ ቡሬ ይሄዳል። ቡሬ ላማችን ናት። ግንባሯን ይዳብሳል፣ በኦሮምኛ አንድ ነገር ይላታል፤ እሷም አንገቷን ትከሻው ላይ ትጥላለች። ከዚያ በኋላ ነው ዞር ብሎ አካም ቡልተኒ የሚለን። ላም የሚወድ ሰው ነው ብዬ እተወው ነበር።

ዘንጉ እንዲንሸራተት ቅቤ ይቀባል፤ የኛ ቤት ጦርነት ደግሞ ከዚያ ይጀምራል። ቅቤው የቡሬ ነው፤ እናቴ የናጠችው ነው። ለራሷ ጠጉር እንኳ ሳስታ የምትቀባውን አባቴ ለእንጨት ያጠጣዋል። እሷ ስትቆጣ እሱ ዝም ይላል፤ ዝም አይነቅዝም ብሎ ያምን ነበር። እኔ የፈራሁት ቅቤው አልቆ እናቴ ቡሬን ለሰው እንዳትሰጥብኝ ነው። ከቡሬ ወተት በቀር ሆዴ ውስጥ የሚረጋ ነገር የለም እየተባለ ያደግሁ ልጅ ነበርኩ።

ክረምቱ ሲገባ ሻለቃ ደምመላሽ የሚባል አዲስ አለቃ መጣብን። ቀጭን፣ የማይስቅ፣ ጃንጥላ የሚያስይዝ ሰው ነው። የፊተኛው አለቃ ጠጅ ካገኘ ሌላ የማይጠይቅ ነበር፤ ይኼኛው ግን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉን ሰብስቦ ደንብ አወጣ። ለመስቀል ማንኛውም ነፍጠኛ ሜዳ ወጥቶ ይፎክራል፤ ፎክሮ አንድ ጥይት ወደ ሰማይ ይተኩሳል። ነፍጡ ያልጮኸ ሰው ነፍጠኛ አይባልም፤ መሬቱም ገባሩም ለሌላ ይሰጣል። ወንዶቹ ጎሽ አሉ። አባቴም አብሮ ጎሽ አለ። ወደ ቤት ስንመለስ ግን እጄን እንደ ያዘ የራሳችንን ደጅ አልፎ ሄደ።

ጠመንጃው ከምሰሶው ላይ ቀይ ጨርቅ ለብሶ ይሰቀል ነበር። ውጅግራ ነው፤ መንካት ክልክል ነው፤ ቀና ብሎ ማየትም ደስ አይላቸውም። ያን ዕለት አባቴ ፊት ለፊቱ ቁጭ ብሎ እስኪመሽ አየው። እናቴ ጉልቻው አጠገብ ሆና ዝቅ ባለ ድምፅ ሂድና ጠይቀው ትለዋለች። እሱ ከገዛ ገባሬ ደጅ ቆሜ ልለምን ነው ወይ ይላታል። እሷም ሰው ከሚያፍር መሬቱ ይሂድ ማለት ነዋ አለችው። እኔ የገባኝ ቅቤ አልቆ ከኦቦ ገመዳ ቤት ቅቤ ሊለምኑ እንደሆነ ነው።

የኋላ ነገር ባላስቀድም ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን አንባቢን ማንከራተት ኃጢአት ነው። ቀዩ ጨርቅ ውስጥ ጠመንጃ አልነበረም። በጠመንጃ ልክ የተጠረበ የወይራ እንጨት ነበር። እኔ ነፍስ ሳላውቅ ጀምሮ አባቴ የሚሳለመው፣ እናቴ አቧራውን የምትጠርግለት እንጨት ነው። መስቀል ሲመጣ ያ እንጨት መጮኽ ነበረበት፤ ካልጮኸ ከቤታችን መውጣታችን ነው። ይህን ያወቅሁት አድጌ ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው።

ያኔ ያየሁት ሌላ ነው። አባቴ ጨዋታው ጠፋበት። ድሮ ዱባውን ከኃይለመስቀል ቀድሞ የሚመታ ሰው፣ ከዚያ እሑድ በኋላ ዱባውን ረስቶ ድምፅ ብቻ ማሳደድ ጀመረ። የቀርቀሃው አፍ ሰፋ፣ ርዝመቱ ጨመረ። ከዚያም የፊተኛውን ውታፍ ጭራሽ ጣለው። የፍየል ፊኛ አድርቆ፣ እንደ ከበሮ ወጥሮ አፉ ላይ አሰረበት። ዘንጉን ትከሻው ላይ አስደግፎ ቀርቀሃውን ወደ ራሱ ሲስበው ነፋሱ ይታፈን ይታፈንና ፊኛውን ይበረቅሰዋል። ድምፁ ሌላ ነው። መጀመሪያ ሲሞክረው ዶሮዎቻችን አጥር ዘለሉ፤ የጎረቤት ሴት የመድኃኔ ዓለም ያለህ አለች።

ነገር ግን ከቀርቀሃው የሚወጣ ምንም የለም። ዱባው እንደ ቆመ ነው። ኃይለመስቀል ጥይቱ የታለ ይለዋል። አባቴ ጥይት ምን ያደርግልኛል ብሎ ሌላ ፊኛ ያስራል። ሰዉ ሁሉ ሳቀበት፤ ቄስ ገብረወልድ እንኳ ጸሎት እንዳደርግልህ ትፈልጋለህ ወይ አሉት። እኔ አፈርኩበት። አባቴ ከሰፈሩ ወንዶች ሁሉ ሞኙ እንደሆነ፣ ጨዋታው እንኳ እንዳልገባው በልቤ ፈርጄ ጨረስኩ። ፍየል የሚያርድ ቤት ሁሉ እየዞረ ፊኛ ሲለምን ከኋላው መሄድ አቆምኩ።

የገረመኝ እናቴ ናት። ለአንድ ጣት ቅቤ ቤት የምታፈርሰው ሴት አንድ ጠዋት ራሷ ቅሉን ከፍታ ጭብጥ ሙሉ አንሥታ ሰጠችው። ሌላ ቀን ደግሞ የምድጃውን አመድ በወንፊት ስትነፋ አገኘኋት። አመዱን ከፊኛው በስተኋላ ሲጨምሩበት ቀርቀሃው ሲጮኽ ነጭ ጭስ ያወጣል። ሁለቱም ጭሱን ቆመው አዩት፤ እናቴ ትንሽ ደፍረስ ያለ ቢሆን ይሻላል ብላ ጥላሸት ጨመረችበት። ዕብደት የሚጋባ መስሎኝ ከዚያ በኋላ ከቡሬ ጋር በረት እውል ነበር።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። መስቀል ደረሰ፤ ደመራው ሜዳው ላይ ቆመ፤ ገባሮቹ እንጨቱን አምጥተው ዳር ላይ ቁጢጥ አሉ። ሻለቃ ደምመላሽ ከጃንጥላው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ከጠዋት ጀምሮ ካፊያ ነበር፤ የጎባ ካፊያ ደግሞ ሲጀምር አይሰማም፣ ሲያልቅም አይታወቅም። ወንዶቹ ጠመንጃቸውን ከነልብሱ ይዘው ቆሙ። አባቴም ቀዩን ጨርቅ ታቅፎ በመካከላቸው ቆመ። ከጨርቁ ጫፍ ጥላሸት የተቀባ ክብ አፍ ብቻ ይታያል። እኔ ጠመንጃው በመጨረሻ ከምሰሶው ወረደ ብዬ ኩራቴ ልክ አልነበረውም።

ኃይለመስቀል ፎከረ፤ በአንድ እጁ ገደልኩ ያለው ሰው ብዛት ሲታይ ባሌ ውስጥ ሰው መትረፉ ይገርማል። ተኮሰ። ሌላው ፎክሮ ተኮሰ። አባቴ ተራው ሲደርስ ወደ መሀል ወጣ፤ ድምፁ ያማረ ሰው ስለነበር ፉከራው ሰዉን ዝም አሰኘው። እየተንጎራደደ፣ እየተመለሰ፣ ጎፈሬውን እየነሰነሰ አወረደው። እናቴ ነጠላዋን ጥርሷ ውስጥ አስገብታ ትነክሳለች። በመጨረሻ ሰማዩን አነጣጥሮ ዘንጉን ትከሻው ላይ አስደግፎ ሳበ።

ካፊያው ፊኛውን ሲያረጥበው አርፍዷል። ረጥቦ ለስልሶ ነበር፤ አልፈነዳም። ጥግ ላይ ቀስ ብሎ ተቀደደና አባቴ ከሃረና እስከ ጎባ ድረስ ያፈነው ነፋስ በዚያች ቀዳዳ ረጅም፣ የተንቀጠቀጠ፣ ሰው በጉባኤ ፊት የማይለቀው ድምፅ አሰምቶ ወጣ። መጨረሻው ላይ ትንሽ አመድ ጠብ አለ። ከዳር አንድ በቅሎ መለሰችለት።

እስኪ የሳቀውን ልተወው። ሻለቃ ደምመላሽ አልሳቀም። ከበርጩማው ሳይነሣ «ጨርቁን ግለጠው» አለ። አባቴ ጨርቁን አጥብቆ ታቀፈ። ሻለቃው ሁለት ወታደሮች ጠቀሰ፤ ወታደሮቹ ራመድ አሉ። የእናቴን ፊት አየሁት፤ ዛሬም ይታየኛል። ያኔ ግን የገባኝ አባቴ በሰው ፊት ነውር ነገር ስላደረገ ሊገረፍ መሆኑ ብቻ ነው፤ አለቀስኩ።

ከገባሮቹ መሀል ኦቦ ገመዳ ተነሣ። አልሮጠም፤ ጭቃው ላይ ዱላውን እየተከለ መጣ። ከቡልኮው ውስጥ ረጅም ነገር አውጥቶ ለአባቴ አቀበለውና ወደ ሻለቃው ዞሮ እጅ ነሣ። አማርኛው ያኔ ከአፉ በግድ የሚወጣ ነበር፤ ጠመንጃን በኦሮምኛው ቀዌ ይለዋል።

«ጌታዬ፣ ቀዌው እኔ ጋ ነው። ዝናብ እንዳይነካው ያዝ አሉኝ። እኔ ዘገየሁ። ያ የልጅቱ መጫወቻ ነው።»

ውጅግራው ያብረቀርቅ ነበር። አባቴ እንደ ታቦት ተቀበለው። አንድ ጊዜ ኦቦ ገመዳን ቀና ብሎ አየውና ወደ ሰማይ ተኮሰ። በቅሎዋ ደንብራ ስትፈረጥጥ የሻለቃውን ጃንጥላ ያዥ ጭቃ ውስጥ ጣለችው፤ አሁን ሁሉም ሳቀ፣ ሻለቃውም ጭምር። መጫወቻ ታቅፎ የሚፎክር ወታደር አይቼ አላውቅም አለና አለፈው። የአባቴ ዓይን እንባ ሞልቶ ነበር። ጭሱ ነው ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ እስከ ዕለተ ሞቱ ባሻ ፊኛ ተባለ። ባሻነቱን ማንም አልሰጠውም፤ ፊኛውን ግን በላቡ ነው ያገኘው። እኔም ባል እስካገባ ድረስ የፊኛ ልጅ ነበርኩ፤ ከዚያ በኋላም በጓሮ።

ያን ማታ ኦቦ ገመዳ ቤታችን ሲገባ እናቴ ከመደቡ ተነሣችለት። ገባር ሲገባ የሚነሣ ሰው እኛ ሰፈር አይቼ አላውቅም። በቀንድ ዋንጫ የመጀመሪያውን ጠጅ ለሱ ቀዳች። ሲወጣ ጠመንጃውን በቡልኮው ጠቅልሎ ይዞት ሄደ። ከዚያ በኋላ መስቀል በመጣ ቁጥር ጠዋት ይዞት ይመጣል፣ ማታ ይዞት ይመለሳል። አባቴ ጠመንጃ የሚሸከምለት ሎሌ እንዳለው ለልጆች ሁሉ አወራሁ። የሻለቃው ልጅ እንኳ ይህ የለውም እያልኩ ኮራሁ።

አባቴ ሲሞት እኔ የልጆች እናት ነበርኩ። እናቴ ቀድማው ሄዳ ነበር። ለለቅሶው ሜዳ የሟች ጋሻ፣ ልብስና ጠመንጃ ይወጣል፤ ወታደር ነውና አልቃሹ ጠመንጃውን ሳያይ አያለቅስለትም። ወንዙን ተሻግሬ ኦቦ ገመዳ ቤት ሄድኩና ከደጅ ቆሜ የአባቴን ጠመንጃ ያምጡልኝ አልኩ። ዓይኑ ደክሞ፣ ጥርሱ ረግፎ ነበር። ተነሥቶ ይዞልኝ መጣ። ሰልሱ እስኪያልፍ ውጅግራው በአባቴ ካባ ላይ ተጋድሞ ተለቀሰበት። ኃይለመስቀል ቀርቀሃውን ሁሉ ረስቶ የተሰማ ነፍጥ እያለ አስለቀሰ።

ለቅሶው ሲያበቃ ኦቦ ገመዳ ጠመንጃውን አንሥቶ በቡልኮው መጠቅለል ጀመረ። ጠጋ ብዬ ከእንግዲህስ ለልጄ ይሁን፣ ድካምዎን እናውቃለን፣ አንድ ነገር እናደርግልዎታለን አልኩት። እንዲያ ነበር ያልኩት፤ እንደ ጌታ ልጅ። ሽማግሌው መጠቅለሉን ሳያቆም ሣቀ። ለመጀመሪያ ጊዜ በፊቴ ሲስቅ አየሁት።

«ኢንተላ ኮ፣ አልነገሩሽም?»

ያስቀመጠኝ የደመራው አመድ ይወድቅበት ከነበረው ቦታ ላይ ነው። የከብቱ እልቂት ባለፈበት ዘመን፣ አለኝ፣ የእናትሽ ጡት ደረቀ፤ አንቺ ጨቅላ ነበርሽ። በዚህ አገር የተረፈችው ላም የኔ ቡሬ ነበረች። አባትሽ መጣና ነዳት፤ ወታደር ሲፈልግ ይነዳል። እኔ አለቀስኩ፣ ሚስቴ አለቀሰች፤ እሱ ሄደ።

«ማግሥቱን ላሚቱን አስቀድሞ ተመለሰ። እናትሽ የሰው እንባ ያለበት ወተት ልጄ አትጠጣም ብላ አባራዋለች። ቀዌውን ከትከሻው አውርዶ እግሬ ሥር አስቀመጠው። ሌላ ምን ነበረው? ላሚቱን መርቄ ሰጠሁት።»

እናቴ የገመዳን ማር ስትቀበል፣ የገመዳን ገብስ ስታስፈጭ አንድ ቀን ከብዷት አላየሁም። ወተቱ ብቻ ከበዳት። ይህን እስከ ዛሬ ጨርሼ ልፈታው አልቻልኩም።

ያን መስቀል ታዲያ ለምን አዳኑት አልኩት። አባትሽ ቢጠይቀኝ ከቤት ሳይወጣ እሰጠው ነበር፤ የናንተ ሰው ከመለመን ልጥ ማኘክ ይቀለዋል አለ። ፊኛው እስኪተነፍስ የጠበቀውም ሊያየው ስለፈለገ እንደሆነ አልደበቀኝም።

«ደግሞ እሱን ቢነቅሉት ሌላ ይተክሉብኛል፤ ጠመንጃ ያለው። ጠመንጃው እኔ ቤት የሚያድር ነፍጠኛ ከየት አገኛለሁ?»

ዱላውን ተደግፎ ተነሣ። ጥቅሉን ብብቱ ውስጥ አስገባ። እኔ ጫፉን እንደ ያዝኩ ነበር፤ ጣቶቼን አንድ በአንድ፣ ሳያሳምመኝ አላቀቃቸው።

«ለልጅሽ የሚተርፍ የለም፤ ይህን ቀዌ አንቺ ጠጥተሽዋል» አለኝ። ከዚያም እንደ ድሮው ወደ ወንዙ ቁልቁል ወረደ።

ኃይለመስቀል ዓይኑን በመዳፉ ከልሎ ሲያየው ቆይቶ፣ ያ ሽማግሌ የተሰማን ጠመንጃ ወዴት ነው የሚወስደው ብሎ ጮኸብኝ። ሰዉ ሁሉ ዞረ።

«የራሱ ነው» አልኩ። «አውሶን ነው።»